አንገቱ የተሰበረ ጋን

ሌንጮ ደወለ። «ጋሼ፣ ብሎክ ሦስት መቶ አስር የቱ ነው?
ቁጥሩን ፀሐይ ልጦታል፣ የሚነበበው ግማሹ ነው።»
ሚያዝያ፣ ሰባት ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ አቧራ ለብሳ፣
ሬንጁ ከአስፋልቱ ቀልጦ ከጎማ ጋር እየተነሳ።
የተተከለው ዛፍ ሁሉ ገና ቁመቱ ከጉልበቴ፣
ከውሃ ሮቶው በቀር ጥላ የለም እስከ ቤቴ።

ወረድኩ። አራት ፎቅ። ስመለስ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፣
ሁለተኛው ላይ እቆማለሁ፣
ሦስተኛው ላይ ስልክ አውጥቼ የማወራ እመስላለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ነዳሁ፣ ጅቡቲ፣ ሚሌ፣ አዋሽ አርባ፣
ሆዴና መሪው ሲገፋፉ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይግባባ።
ሐኪሙ ጉልበቴን ነካ፣ ፎቶውን ወደ መስኮት አነሳ፣
«ወይ አንተ ትቀንሳለህ፣ ወይ እሱ ይለቃል» አለኝ፣ ሳይሳሳ።

ከዱባይ ሦስት ቀን፣ ቦሌ መጋዘን አንድ ቀን፣ ከዚያ የሌንጮ ሞተር ኮርቻ፤
በረዶ ነበር ተብሎ የታሸገው፣ ደረሰኝ ለብ ያለ ውሃ ብቻ።
«ምንድን ነው ጋሼ?» አለኝ ሲያስፈርመኝ። «የባለቤቴ ነው» አልኩት።
ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ፤
እዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ወረቀቱ ረጅም ነው፣ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ደቃቅ ፊደል፣
«ከሠላሳ በላይ አይሙቅ። በረዶ ከሆነም ይጣል።»
ልዑል መጣብኝ አልኩ፣ ብርድም ሙቀትም የማይችል።

ፍሪጄን ከፈትኩ። ጨለማ። መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ፣
ቅቤው ዘይት፣ ወተቱ እርጎ፣ ሳልጠይቃቸው ሆኑ።
ከታች ባለ ሱቁ ጀነሬተር አለው፣ ፍሪጁ ሙሉ ለስላሳ፣
ግን ሆዴ የሱቅ ወሬ ሆኖ፣ በየስኳሩ ኪሎ ሊነሳ?

እርጥብ ፎጣ ጠቅልዬው በረንዳ ላይ ስንቆራጠጥ
እትዬ ወርቅያንሱ ከጎን በረንዳ ልብስ ታሰጣለች።
«መርፌ ነው አይደል?» አለች።
እሷን አልዋሸኋትም። እንዴት እንዳወቀች እንጃ።
«አምጣው።»

ከበሯ ኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ፣
አንገቱ የተሰበረ ጋን፣ በሆዱ ትንሽ የሸክላ ድስት፣
መሀላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ የረጠበ ጆንያ።
«ጤና ጣቢያ ነው ያሳዩን። አሸዋውን ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ።
መብራት ኃይልን ብጠብቅ ኖሮ
ይሄኔ ተዝካሬን በልታችሁ ነበር።»

ጆንያውን ገለጠች። የጉድጓድ ውሃ ትንፋሽ ፊቴን ነካው።
ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ በነጭ ጨርቅ፣ አንዱ ሊያልቅ የደረሰ።
የእኔን እንደ አራስ ልጅ አጠገባቸው አስተኛችው።

የእሷ፣ በልታ እንድታድር።
የእኔ፣ ሳልበላ እንዳድር።
አንድ ጋን፣ አንድ አሸዋ።

ዋጋውን አልጠየቀችኝም።
ብትጠይቀኝ ምን እላት እንደነበር
ያን ሌሊት ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

አሁን አሸዋውን የማጠጣው እኔ ነኝ።
ውሃው ከሮቶው በላይ አይወጣም፤
አሥር ሊትር ጀሪካን፣ አራት ፎቅ።
ሦስተኛው ላይ አሁንም እቆማለሁ፤
ስልክ ግን አላወጣም።
ዓርብ ዓርብ ትስቅብኛለች፣ «ጅቡቲን የወረደ ሰው
እንዲህ ለቀጭን መርፌ ዐይኑን ይጨፍናል?
ወሬ እያወራህ ውጋው፤ ስትጠብቀው ነው የሚያምህ።»
እኔም ስለ ሚሌ ሙቀት አወራላታለሁ፣
ሳልጨርስ ያልቃል።

ዛሬ ማታ መብራት መጣ።
ልጆች ከብሎክ ብሎክ ጮኹ፣
ፍሪጄ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።
እትዬ ወርቅያንሱ በሯን ከፍታ አየችኝ፣
እኔም አየኋት፣
ከጋኑ ምንም ለማውጣት ግን ማናችንም አልተነሳንም።
ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ።